መጽሐፉ ለራሱ ሲመሰክር፦ አዙሪት ሙግትን እንዴት ለይተን እናርማለን?

«መጽሐፍ ቅዱስ እውነት ነው፤ የእግዚአብሔር ቃል ነውና። የእግዚአብሔር ቃል መሆኑንም በ2ኛ ጢሞቴዎስ 3፥16 ላይ ራሱ ይናገራል» የሚለው አነጋገር አዙሪት ሙግት ነው፤ ሊረጋገጥ የሚገባው ነገር እንደ ተረጋገጠ ተቆጥሮ ለራሱ ማስረጃ ሆኖ ቀርቧልና። ቁርኣን የአላህ ቃል መሆኑን ከቁርኣን አንቀጾች ብቻ የሚያስረዳ ሰውም ከዚህ የተለየ ነገር አያደርግም።

እንዲህ ያለውን ሙግት ለመለየት አስቀድሞ በወረቀት ላይ ማስፈር ይጠቅማል፤ በንግግር መካከል ሳይስተዋል የሚያልፈው ነገር ሲጻፍ ይጋለጣል። መደምደሚያውን ከታች፣ መነሻ ሐሳቦቹን ከላይ ይጻፉ፤ ሳይነገሩ የታለፉትንም አይተዉ። ቀጥሎ በእያንዳንዱ መነሻ ላይ ይህን ጥያቄ ያንሡ፦ መደምደሚያውን የሚጠራጠር ሰው ይህን መነሻ የሚቀበልበት ሌላ ምክንያት አለው? ከሌለው፣ ሙግቱ ሊያሳምን የሚችለው አስቀድሞ ያመነውን ብቻ ነው።

ይህን ችግር ከአማኞች ወገን በግልጽ ካስቀመጡት አንዱ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት ነው። በ1641 እ.ኤ.አ. ላሳተመው የፍልስፍና ሥራው መግቢያ እንዲሆን ለፓሪስ የሥነ መለኮት ሊቃውንት በጻፈው ደብዳቤ፣ ቅዱሳት መጻሕፍት ስለሚያስተምሩ በእግዚአብሔር መኖር ማመን፣ ከእግዚአብሔር ስለ መጡም ቅዱሳት መጻሕፍትን ማመን ለአማኝ ተገቢ ቢሆንም፣ ለማያምኑ ሰዎች ግን እንዲህ ብሎ ማስረዳት እንደማይቻል፣ እነርሱ አዙሪት ነው ብለው እንደሚፈርዱበት ገልጿል። እምነቱ ሐሰት ነው አላለም፤ ያለው ማስረጃው ለማያምን ሰው አይሆንም ነው፤ ሁለቱን የሚያምታቱ ተከራካሪዎች ብዙ ናቸው። (በዚያው ዓመት አንትዋን አርኖ የተባለው የሥነ መለኮት ሊቅ ዴካርትን ራሱን በአዙሪት መተቸቱ ግን ፈገግ ያሰኛል።)

አስቸጋሪው አዙሪቱ ሲረዝም ነው። ከላይ የጠቀስነው የጢሞቴዎስ ጥቅስ «የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት መጽሐፍ ሁሉ» ይላል እንጂ የመጻሕፍቱን ዝርዝር አይሰጥም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፈ ሄኖክን ጨምራ 81 ስትቆጥር፣ ፕሮቴስታንቶች 66 ይቆጥራሉ። ዝርዝሩን ማን ወሰነ ለሚለው ጥያቄ «ቤተ ክርስቲያን» የሚል መልስ ከተሰጠ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ከወዴት መጣ ብለው ይቀጥሉ። መልሱ ዞሮ ወደ ጥቅስ ከተመለሰ አዙሪቱ ተዘግቷል፤ ወደ ታሪክ፣ ወደ ትውፊትና ወደ ጥንታዊ ምስክሮች ከወሰደ ግን ሙግቱ ቢያንስ ሊመረመር የሚችል መሬት ረግጧል።

ለማረም ትልቁን መደምደሚያ ከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚመጥነውን የውጭ ማስረጃ መፈለግ ያስፈልጋል። ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት ጥቅልሎች መካከል ያለው ታላቁ የኢሳይያስ ጥቅልል፣ ቀድሞ ይታወቁ ከነበሩት የዕብራይስጥ ቅጂዎች በሺህ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ጽሑፉም፣ ልዩነቶች ቢኖሩትም፣ በአብዛኛው ከእነርሱ ጋር መስማማቱ መጽሐፉ በብዙ ጥንቃቄ ሲገለበጥ መኖሩን ያሳያል። ነቢዩ ያየው ራእይ ከእግዚአብሔር መሆኑን ግን አያሳይም፤ ያንን የሚል ሰው ሌላ ማስረጃ ማምጣት፣ ወይም ይህን የተቀበልኩት በእምነት ነው ብሎ በግልጽ መናገር አለበት። ሁለተኛው መንገድ የሚያሳፍር አይደለም፤ ማስረጃ ተብሎ እስካልቀረበ ድረስ።

ተጠራጣሪውም ከዚሁ ፈተና አያመልጥም። «ተአምር አይፈጸምም፤ ስለዚህ ተአምርን የሚያወሳ ምስክርነት ሁሉ ሐሰት ነው» ካለ በኋላ፣ ተአምር አለመፈጸሙን በምን እንዳወቀ ሲጠየቅ «እውነተኛ ምስክርነት ተገኝቶ ስለማያውቅ» ብሎ የሚመልስ ሰው፣ መነሻውና መደምደሚያው በወረቀት ላይ ሲሰፍሩ አንዱ በሌላው ላይ ተደግፈው ይገኛሉ።