አሸዋው ስንት ዲግሪ ነው? እና ሌሎች የሚያናድዱኝ ስህተቶች

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ሳይት ላይ አንድ ጀማሪ መሐንዲስ «ጋሼ፣ የጀማ ወንዝ አሸዋ ፍሪክሽን አንግሉ ስንት ነው?» አለኝ። አሸዋው ሲገፋ ላለመንሸራተት ያለውን ጥንካሬ በዲግሪ የሚገልጸውን ቁጥር ማለቱ ነው። «ምን ያህል ተጠቅጥቆ? በስንት ጭነት?» ስለው ዝም አለ።

ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። አሸዋ እንደ ብረት አንድ ቁጥር የለውም! ያው አሸዋ ልል ሲሆን 30 ዲግሪ አካባቢ ይሰጣል፣ በደንብ ሲጠቀጠቅ 40 ሊያልፍ ይችላል። የተጠቀጠቀው ሲገፋ ፍሬዎቹ መሄጃ የላቸውም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል፣ አሸዋው ያብጣል። ትርፉ ጉልበት የሚመጣው አንዱ በሌላው ላይ ከመውጣቱ ነው። ወንዝ ዳር ውሃ የጠገበ አሸዋ ረገጥ አድርጉ። በእግራችሁ ዙሪያ ድንገት ደረቅ ይላል፤ አብጦ ውሃውን ወደ ውስጥ ስቦት ነው። ሬይኖልድስ ይህን ጠባይ በ1885 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ደግሞም ትርፉ ዘላቂ አይደለም። መገፋቱ ሲቀጥል ማበጡ ያልቅና ጥንካሬው ወርዶ ከልል አሸዋ ጋር እኩል ይሆናል።

እኔም ተሸውጄበታለሁ። ጀማሪ ሳለሁ ላብራቶሪ ውስጥ ናሙናውን በዘንግ ቀጥቅጬ 42 ዲግሪ አገኘሁና ደስ አለኝ። ከድጋፍ ግንቡ ጀርባ የተሞላው ግን ከሲኖትራክ እንደተገለበጠ፣ ሳይጠቀጠቅ ነበር። ክረምት ሲገባ ግንቡ ዘመም አለ።

ጭነቱም ለውጥ ያመጣል፦ በ50 ኪሎ ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) የተለካውን አንግል ለ500 አትጠቀሙ። ጭነት ሲበዛ ፍሬዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ከመውጣት ይልቅ ይሰባበራሉ፣ አንግሉም ይወርዳል። ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ከሆነማ ቶሎ ይደቃል።

እርጥብ አሸዋ በቢያጆ ስትገዙም እርጥበቱ አሳብጦት ከልኩ በላይ እንደሚመስል አትርሱ።

ሌላው ስህተት አንድ ሜትር አሸዋ በአንዴ ሞልቶ ከላይ ሮለር መንዳት ነው። ገበያ ገብስ የምትገዛ እናት ከኛ ፎርማን ትሻላለች። ጣሳውን «ጫን አድርጊው» አትልም፤ «ነቅነቅ አድርጊው» ነው የምትለው። አሸዋም የሚተኛው በንዝረት ነው፣ እሱም 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር እየተደረበ።

«እዚህ አገር ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ምን አስጨነቀህ?» የሚሉኝም አሉ። የሰሜን ሸዋዋ ማጀቴ ከተማ በ1953 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ አይደል የፈረሰችው? በአሸዋው ነው አላልኩም። ግን ውሃ የጠገበ ልል አሸዋ ሲናወጥ ሊጠጋጋ ይሞክራል። ውሃው መውጫ ካጣ ጭነቱን እሱ ይሸከማል፣ ፍሬዎቹ ይላቀቃሉ፣ መሬቱ እንደ አጥሚት ይሆናል። ሸዋ ሮቢት ወንዝ ዳር መሠረት የምትቆፍሩ፣ መጀመሪያ የከርሰ ምድር ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ እዩልኝ።