የአደጋ ጊዜ ዝግጅት መጽሐፍ ስናነብ የምንሳሳታቸው ነገሮች፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው

ከአደጋ እንዴት እንደሚተረፍ የሚያስተምሩ መጻሕፍት በቴሌግራም በፒዲኤፍ እየዞሩ ነው። አንብቧቸው፣ ጥሩ ናቸው። ግን አብዛኞቹ የተጻፉት አሜሪካ ውስጥ መኪና፣ ጋራዥና ምድር ቤት ላለው ሰው ነው፤ ደሴ ሳላይሽ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ ልጆች ለምታሳድግ እናት አይደለም።

የመጀመሪያው ስህተት የመጽሐፉን አደጋ መፍራት ነው። ስለ አውሎ ነፋስና ስለ ኒውክሌር ገጽ በገጽ እናነብና የራሳችንን እንረሳለን። የኛ ሌላ ነው። በክረምት የጦሳ ተራራ ተዳፋት ይንሸራተታል፣ የቦርከና ወንዝ ይሞላል። በ1953 የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴንና ካራቆሬን አፈራርሷል፤ ካራቆሬ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ የምታልፏት ከተማ ናት። የ2014ቱን ጦርነት ለማንም ማስታወስ አያስፈልግም።

ውሃ ላይ ያለው ስህተት ግን ከሁሉም ይብሳል። መጽሐፉ «ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል» ይላል፣ ሰውም እዚያው ያቆማል። ከስር ግን ከ6,500 ጫማ በላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ አፍሉት የሚል አለ። ጫማውን ማን ወደ ሜትር ይቀይራል? 2,000 ሜትር አካባቢ ማለት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፣ ስለዚህ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። ኮምቦልቻ ከ2,000 በታች ናት፣ 1 ደቂቃ ይበቃታል። በ25 ኪሎ ሜትር ልዩነት ሕጉ ተቀየረ ማለት ነው!

«ለአንድ ሰው በቀን 1 ጋሎን» የሚለውም እንዲሁ ነው። ጋሎኑ 3.8 ሊትር ነው፤ 5 ሰው ላለበት ቤት ለ3 ቀን 57 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 3 ጀሪካን። ውሃ ለማከም የሚሰጡትን የበረኪና ጠብታ ቆጠራ ደግሞ እንዳለ አትቅዱ። ቁጥሩ የተሰላው እዚያ አገር ለሚሸጠው በረኪና መጠን ነው፣ እኛ ጋ ያለው ይለያያል፣ አንዳንዱም ሽቶ አለበት። ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ግዙና ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ውሃው ከደፈረሰ አስቀድማችሁ አጥልላችሁ በንጹህ ጨርቅ አጣሩት።

ምግብ ላይ የታሸገ ነገር ፍለጋ ገንዘብ አትጨርሱ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ቋንጣ እያሉ! ሽሮና ዱቄት ብቻ መከመርም አያዋጣም፣ እሳት ይፈልጋሉ፤ በሶ ግን በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል። ነቀዝ ሳይቀድማችሁ አሮጌውን እየበላችሁ በአዲስ ተኩ።

መጽሐፉ ጀነሬተር ቤት ውስጥ አታስነሱ ሲል ጀነሬተር የሌለው ሰው ገጹን ያልፈዋል። አትለፉት። የከሰል ምድጃም ጀነሬተሩ የሚያወጣውን ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያወጣል፣ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። መብራት በጠፋበት የደሴ ብርድ ምድጃ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ሞትን መጋበዝ ነው።

የእባብ ንድፊያ በጥታችሁ መርዙን ምጠጡ የሚል ካገኛችሁ፣ መጽሐፉ ያረጀ ነው። አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ ሰውየው ሳይንቀሳቀስ ቶሎ ሆስፒታል ይድረስ። በሥዕሉ ላይ ባዩት የዱር ቅጠል መመገብም እዚያው ለሰዎቹ ይቅር።

የሽሽት ቦርሳ ዝርዝሩን ያየ ሰው ድንኳን፣ መጥረቢያ፣ ምን የቀረ አለ። በ2014 ስንቱ በእግሩ ነው የወጣው፣ ሕፃን አዝሎ፣ አሮጊት ደግፎ። ባንክ ተዘግቶ ኔትዎርክ ጠፍቶ ስለነበር ስልክ ላይ ያለ ብር ብር አልነበረም። ቦርሳው ቀላል ይሁን፦ መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት፣ ዝርዝር ብር፣ የዘመድ ስልክ በወረቀት ላይ። የአሜሪካውን የአደጋ ጥሪ 911ን ሰርዛችሁ 991 ለፖሊስ፣ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ጻፉ። ፒዲኤፉም ስልኩ ሲዘጋ አብሮ ስለሚዘጋ የሚያስፈልጓችሁን ጥቂት ገጾች አሳትሙ።

አንድ የማልወድላቸው ነገር አለ። ያከማቸኸውን ከጎረቤት ደብቅ፣ ብቻህን ቁም ይላሉ። ወሎ ውስጥ ይሄ ምክር ሞኝነት ነው። ቅሬ፣ ማለትም እድራችን፣ አለን እኮ! ድንኳኑም ትልልቁም ድስት ቅሬው ጋ ነው፣ የአልጋ ቁራኛ የትኛው ቤት እንዳለ የሚያውቀውም ቅሬው ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ከክፍያው ቀጥሎ አንድ ጥያቄ አንሱ፦ ሌሊት መውጣት ቢያስፈልግ መራመድ የማይችሉትን እነማን ይሸከማሉ? ስማቸው እዚያው መዝገብ ላይ ይጻፍ።