ደጋግሞ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ሚሞሪ ካርድ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ካርዱን አውጥቶ መመለስ፣ ስልኩን አጥፍቶ ማብራትና በሌላ ስልክ መሞከር ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ አልፈዋለሁ። ፒያሳ በምሠራባት ጠባብ የጥገና ክፍል ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝ ችግር ከዚህ ሁሉ በኋላም አይለቅም።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ካርዱ ለሳምንታት ያለ እንከን ይሠራል፤ ከዚያ አዳዲሶቹ ፎቶዎች ስማቸውና መጠናቸው እየታየ አይከፈቱም፣ ወይም ግማሻቸው ግራጫ ይሆናል፤ የቆዩት ግን ይከፈታሉ። ቀጥሎ ስልኩ ካርዱ ተበላሽቷልና ፎርማት ይደረግ ይላል። ፎርማት ሲደረግ የዳነ ይመስላል፤ ሲሞላ ችግሩ ይመለሳል።

መንስኤው ሐሰተኛ መጠን ነው። ላዩ ላይ 64 ጊጋ የተጻፈበት ካርድ በውስጡ 8 ጊጋ ብቻ ሊኖረው ይችላል፤ ካርዱን የምትቆጣጠረው ቺፕ 64 ነኝ እንድትል ተደርጋለች፤ ስልኩም የተነገረውን ያምናል። ከ8 ጊጋ በኋላ የሚላክለት ፋይል ወይ የትም ሳይቀመጥ ይቀራል፣ ወይም በቀድሞው ላይ ተደርቦ የፋይሎቹን ማውጫ ጭምር ያጠፋል። ፎርማት የሚያድነው የሚመስለው እውነተኛዋን 8 ጊጋ ባዶ ስለሚያደርግ ብቻ ነው።

አንድ ወጣት ጃንሜዳ የቀረጸውን ይዞልኝ መጥቶ ነበር። የከተራው ዕለት ቪዲዮ ተከፈተ፤ የጥምቀቱ ግን አንዱም አልተከፈተም። ከዚያ በፊት ካርዱን ሌላ ቦታ ሦስት ጊዜ ፎርማት አስደርጎታል፤ ማንም መጠኑን አልመረመረለትም። መጀመሪያውኑ ያልተጻፈን ነገር የትኛውም የፋይል መመለሻ ፕሮግራም አያመጣውም፤ ይህንን ለባለቤቱ መንገር እስከ ዛሬ ይከብደኛል። እንዲህ ያለውን ካርድ እያወቀ የሚሸጥ ሰው የሰውን ትዝታ እየሰረቀ ነው።

ምርመራው ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል። በመጀመሪያ የሚከፈተውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ። ከዚያ በዊንዶውስ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው፣ በሊኑክስ ደግሞ ኤፍ ስሪ የተባለው ፕሮግራም ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። በሰከንድ 10 ሜጋባይት የሚጽፍ 64 ጊጋ ካርድ ለመጻፉ ብቻ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ግማሽ ላይ አያቋርጡት። ፈጣኑ ፎርማት ምርመራ አይደለም። ኮምፒውተሩ 59 ጊጋ ገደማ ቢያሳይ ግን ማጭበርበር አይደለም፤ አምራቹ በ1000፣ ኮምፒውተሩ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው።

ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ መፍትሄው መቀየር ነው። እውነተኛውን መጠን ብቻ ለይቶ በዚያው ልክ መጠቀም ይቻላል፤ እኔ ግን ለማንም አልመክርም።

ሌሎቹ መንስኤዎች ጥቂት ናቸው። እየተነበበ አዲስ ነገር አልጽፍም ያለ ካርድ ብዙውን ጊዜ ዕድሜውን ጨርሷል፤ ገልብጠው ይጣሉት። ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ቪዲዮ አልገባም ካለ ካርዱ ፋት 32 በተባለው የፎርማት ዓይነት ስለተዘጋጀ ነው። ዘፈን ካስጫኑ በኋላ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ከሆኑ ቫይረስ ነው፤ ፋይሎቹ ተደብቀዋል እንጂ አልጠፉም፤ እባክዎ ፎርማት አያድርጉ። ከአንድሮይድ 6 ወዲህ እንደ ውስጥ ማከማቻ የተደረገ ካርድ በሌላ ስልክ አይነበብም፤ ወደ ቀድሞው ስልክ ይመልሱት። የካርዱን የመዳብ እግሮች በአልኮል በራሰ ጥጥ እንጂ በምላጭ አያጽዱ።

አዲስ ካርድ ሲገዙ ምርመራውን በዚያው ዕለት፣ አንድም ፎቶ ሳያስቀምጡበት ያድርጉ፤ ሻጩ ሊቀይርልዎ የሚችለው ያን ጊዜ ነው።