ቦርሳ ውስጥ ተኝቶ ባትሪ የሚጨርስ ስቲም ዴክ

ስቲም ዴኬ፣ በእጅ የሚያዘው የጨዋታ ኮምፒውተር፣ ጠዋት 1:30 ላይ ከሳሪስ ስወጣ ባትሪው 88 ፐርሰንት ነበረው። ሜክሲኮ ቢሮ፣ 6:30 ላይ ለምሳ ሳወጣው 41። በመካከሉ ማንም አልነካውም፤ ማብሪያውን ተጭኜ አስተኝቼ ከምሳ ዕቃዬ ጋር ቦርሳ ውስጥ የከተትኩት እኔው ነኝ። ግራ የሚያጋባው ቅዳሜና እሁድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሲውል ከአራት አምስት ፐርሰንት በላይ አይቀንስም።

መብራት በጠፋ ቁጥር የማመሸው በዚህ ባትሪ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። መጀመሪያ የወሰድኩት ሰፈር ያለ ጥገና ቤት ነው። ልጁ አገላብጦ አየና "ባትሪው ሞቷል፣ ይቀየር" አለኝ። ሳይከፍት፣ ሳይለካ። አመስግኜ ወጣሁና ራሴ መለካት ጀመርኩ። እናንተም ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት እንዲሁ አድርጉ። የምጠቅሳቸውን ትእዛዞች የጻፍኩት እንደሚነበቡ ነው፤ ስትተይቡ በላቲን ፊደል ይሁን። አንዳቸውም የይለፍ ቃል አይጠይቁም።

የዴኩ ሥርዓተ ክወና ስቲም ኦኤስ ከላይ ሲታይ የጨዋታ ሜኑ ብቻ ይመስላል እንጂ ከሥሩ አርች ሊኑክስ ነው። ማብሪያውን ተጭናችሁ ስትቆዩ ከሚመጣው ዝርዝር ወደ ዴስክቶፕ ግቡና ኮንሶል የሚባለውን ተርሚናል (ትእዛዝ የሚተየብበትን መስኮት) ክፈቱ። ኪቦርድ ካልመጣላችሁ የስቲም ቁልፍን ይዛችሁ ኤክስን ተጫኑ።

የባትሪውን ጤና ማወቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። "ዩፓወር ሰረዝ ዲ" ብላችሁ ከሚወጣው ውስጥ "ካፓሲቲ" የሚለውን መስመር ፈልጉ። ባትሪው ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው፣ አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ይነግራችኋል። የእኔ 96 አለ። ሞተ የተባለው ባትሪ!

ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፦ የሚያልቀው በርቶ ነው፣ ተኝቶ ነው ወይስ ጭራሽ ጠፍቶ? ሦስቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ለየብቻ ነው። በርቶ ሳለ የሚበላውን ማየት ቀላል ነው። በቀኝ በኩል ያለውን ባለ ሦስት ነጥብ ቁልፍ ተጫኑ፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ገብታችሁ ቁጥሮቹን ስክሪኑ ላይ አውጡ፤ ባትሪው በዋት ስንት እየለቀቀ እንደሆነ ታያላችሁ። የተኛውን ግን እንዲህ መለካት አይቻልም፣ ለማየት ስትሞክሩ ይነቃላችኋላ። ያለው አማራጭ ሲተኛና ሲነሳ ፐርሰንቱንና ሰዓቱን መመዝገብ ነው። እኔ ማስታወሻ ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ነው የያዝኩት፤ ለዚህ ስክሪፕት መጻፍ አያስፈልግም።

ሂሳቡ ይኸውላችሁ። የእኔ ባለ ኦሌድ ስክሪኑ ነው፣ ባትሪው 50 ዋት ሰዓት ነው (የመጀመሪያው ባለ ኤልሲዲው 40 ነው)። ቤት ውስጥ በ8 ሰዓት 4 ፐርሰንት ቀነሰ፣ ማለትም 2 ዋት ሰዓት። ለስምንት ሲካፈል ሩብ ዋት ይመጣል። የተኛ መሣሪያ እንዲህ ነው። ቦርሳ ውስጥስ? ከ88 ወደ 41 ማለት 47 ፐርሰንት፣ 23.5 ዋት ሰዓት ነው። ለአምስት ሰዓት ስታካፍሉት 4.7 ዋት። ይሄ ነቅቶ፣ ስክሪኑን አደብዝዞ፣ ቀላል ጨዋታ ከፍቶ የተቀመጠ መሣሪያ የሚበላው መጠን ነው። ስለዚህ ዴኩ ቦርሳ ውስጥ እየተኛ አይደለም። ማነው የሚቀሰቅሰው?

ይህንን ሊኑክስ ራሱ ይመዘግባል። "ጆርናልሲቲኤል ሰረዝ ኬ" የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) መልእክቶች ያወጣል፤ ቃል ፈልጎ በሚያጣራው "ግሬፕ" "ሰስፔንድ" የሚለው ያለባቸውን መስመሮች ብቻ አጥሩ። "ሰስፔንድ ኤንትሪ" ሲል ተኛ ማለት ነው፣ "ሰስፔንድ ኤግዚት" ሲል ነቃ። አንዴ አጥፍታችሁ ካስነሳችሁት የቀደመው አይታይምና ከማጥፋታችሁ በፊት እዩት።

የእኔ ላይ "ኤግዚት" የሚለው 00:52 ላይ ነበር። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ! ሁለት ቀን ያባከንኩት እዚህ ላይ ነው። ሌሊት ራሱን እየቀሰቀሰ አፕዴት የሚያወርድ ነገር አለ ብዬ የሲስተምዲን ታይመሮች (ሊኑክስ ላይ ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስነሱትን) አንድ በአንድ ስመረምር ከረምኩ። አንድ ሌሊትማ አጠገቤ አስቀምጬ ነቅቼ ጠበቅሁት። ንቅንቅ አላለም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዴኩን የላከችልኝ እህቴ ናት፤ ሲልቨር ስፕሪንግ እያለች ከፍታ፣ ሞክራ፣ አካውንት አስገብታበት ነው የመጣው። የሰዓት ክልሉ የአሜሪካ ምሥራቅ እንደሆነ ቀርቷል። እኔ ሰዓት የማየው ከስልኬ ስለሆነ ጥግ ላይ ያለችውን ሰዓት ልብ ብያት አላውቅም። በበጋቸው በእኛና በእነሱ መካከል 7 ሰዓት ልዩነት አለ። 00:52 ላይ ሰባት ስትጨምሩ በፈረንጅ አቆጣጠር 7:52፣ በእኛ ደግሞ ከጠዋቱ 1:52 ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፣ ቦርሳዬን ታቅፌ። ከውጭ የመጣ መሣሪያ ካላችሁ ምንም መዝገብ ከማንበባችሁ በፊት "ታይምዴትሲቲኤል" ብላችሁ የሰዓት ክልሉን እዩ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁም አዲስ አበባ አድርጉት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቶሎ ተፈታ። ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት፦ ጃንጥላ፣ ቻርጀር፣ ምሳ ዕቃ፣ በብሉቱዝ የሚሠራ ጆይስቲክ። ዴኩን አስተኝቼ ፊት ለፊቴ አቆምኩት፣ ጆይስቲኩን በጀርባው አስተኛሁና ምሳ ዕቃውን ላዩ ላይ አደረግሁ። ምንም። ቦርሳው በታክሲ ሲንገጫገጭ እንደሚሆነው ምሳ ዕቃውን ትንሽ ነቅነቅ ሳደርገው፣ የብረቱ ጠርዝ መሀል ያለውን ክብ ቁልፍ ነካው። የጆይስቲኩ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ፤ ትንሽ ቆይቶ የዴኩ ስክሪን በራ። ትናንት ማታ አቁሜው የተውኩት የካርታ ጨዋታ ተደርድሮ ይጠብቀኛል።

ቦርሳው እንደሚሞቅማ አውቅ ነበር። የሽሮው ሙቀት መስሎኝ ነው።

ኦሌዱ በተጣመረ ጆይስቲክ መንቃት ይችላል፣ ሶፋ ላይ ሆኖ ለሚጫወት ሰው ደግ ነገር ነው። ለቦርሳ ግን አይሆንም። ማስቀረት የሚቻለው እንዲህ ነው፦ ኮንሶል ላይ "ብሉቱዝሲቲኤል" ብላችሁ ግቡ። "ዲቫይስስ" ስትሉ የተጣመሩት ከነአድራሻቸው ይዘረዘራሉ። "ኢንፎ" ብላችሁ የጆይስቲኩን አድራሻ ስትጨምሩ "ዌክአላውድ፦ የስ" የሚል መስመር ካያችሁ ሌባውን ያዛችሁ። "ዌክ"፣ ቀጥሎ አድራሻው፣ ቀጥሎ "ኦፍ" ብላችሁ አስገቡ። ተርሚናል የሚያስፈራው ሰው ቦርሳ ውስጥ ከመክተቱ በፊት ብሉቱዙን ቢያጠፋም ይሠራል፤ እኔ ግን ራሴን ስለማውቅ እንደምረሳው አልጠራጠርም።

የራሴም ጥፋት ነበረበት። ፊልም መሰል ትዕይንት መሀል ስክሪኑ እየጠፋ ሲያናድደኝ፣ ካልተነካ ራሱን እንዲያስተኛ የሚያደርገውን ምርጫ ሴቲንግ ውስጥ ፓወር የሚለው ጋ ገብቼ ዘግቼው ነበር። ያ ባይሆን ተሳስቶ ቢነቃም ጥቂት ቆይቶ ይተኛ ነበር። አሁን መልሼ አስተካክዬዋለሁ።

የእናንተ ችግር ሌላ ሊሆን ይችላል። እንዲተኛ አዝዛችሁት እምቢ የሚል ከሆነ "ሲስተምዲ ኢንሂቢት ሰረዝ ሰረዝ ሊስት" የከለከለውን ፕሮግራም በስሙ ይነግራችኋል። ሌላ ሊኑክስ የጫናችሁበት መሣሪያ ከሆነ "ሲስ" በሚባለው ማውጫ ሥር "ፓወር" ውስጥ ያለውን "ሜም ስሊፕ" የሚለውን ፋይል፣ የፋይል ይዘት በሚያሳየው "ካት" በሚለው ትእዛዝ አንብቡ፤ ቅንፍ ውስጥ ያለው "ዲፕ" ሳይሆን "ኤስ ቱ አይድል" ከሆነ እንቅልፉ ቀላል ነው፣ ሌሊቱን ከእኔ የበለጠ ቢቀንስ አትደንግጡ። በርቶ ሳለ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ በዚያው ባለ ሦስት ነጥብ ሜኑ የፍሬም ብዛቱን (በሰከንድ የሚታዩትን ምስሎች) ገድቡ፣ ቲዲፒውንም (ቺፑ እንዲበላ የሚፈቀድለትን የኃይል ጣሪያ) ዝቅ አድርጉ፤ ከ3 እስከ 15 ዋት ድረስ መወሰን ይቻላል፣ ለካርታ ጨዋታ 15 ዋት ምን ያደርጋል።

ሰኞ ዕለት ጆይስቲኩን እዚያው ምሳ ዕቃው ሥር አድርጌ ወጣሁ። ምሳ ሰዓት ላይ 86 ነበር። ጆይስቲኩን አስወግዳችሁ እንደገና ካጣመራችሁት ግን ቅንብሩ አብሮ ይሰረዛልና "ዌክ ኦፍ" የሚለውን ድገሙት።