የመኪና ቤታችን የኋላ በር አልዘጋ ሲለኝ

ደብረ ብርሃን ግቢያችን የቆመው አሮጌ የመኪና ቤት (መኪና ላይ የተሠራ ተንቀሳቃሽ መኖሪያ) የኋላ በሩ አልዘጋ አለ። ከላይ ይጋጫል፣ ከታች ጣት ያስገባል። «ጋሼ፣ ባሌስትራው ደክሞ ነው» አለኝ አንድ ልጅ። ግን ባሌስትራ፣ ማለትም መኪናውን የሚሸከመው የብረት ሞላ፣ ቢደክም መኪናው እንዳለ ይወርዳል እንጂ በር አያጣምምም።

ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁሜ ሻንሲው (የመኪናው ዋና የብረት አጽም) ጎን ሲባጎ ወጠርኩ። ሻንሲው ቀጥ ያለ ነው። ከኋላ ጎማ በስተጀርባ ያለው ወለል ግን 4 ሳንቲ ሜትር ወርዷል። በካቻቢቴ ወጋ ሳደርገው እንደ ራሰ ዳቦ ስርጉድ አለ! የክረምቱ ዝናብ በጣሪያው ማዕዘን እየገባ እንጨቱን አበስብሶታል። ከሥሩ ያለው ተሸካሚ ብረትም ብየዳው ላይ ዝጎ ተሰንጥቋል።

መጀመሪያ ጣሪያውን ደፈንኩ። ውሃው ካልቆመ ሌላው ልፋት ከንቱ ነው። ከዚያ ወፍራም ጣውላ አስደግፌ በክሪክ ማንሳት ጀመርኩ። በቀን ትንሽ ትንሽ፣ 3 ቀን ፈጀ። ባንዴ ቢነሳ የግድግዳው መጋጠሚያ ይሰነጠቃል። የባትሪውን ገመድ ፈትቼ የዛገውን አስቆረጥኩ፣ አዲስ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) አስበየድኩ፣ ፀረ ዝገት ቀባሁ፣ ወለሉን በደረቅ ጣውላ ተካሁ።

ጣርማ በርን ወርጄ ደብረ ሲና ደርሼ ተመለስኩ። በሩ አሁን በአንድ ጣት ይዘጋል።