አንቲኦክሲዳንት እንክብል ስንውጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ቡና እየጠጣን ነው። ረከቦቱ አጠገብ ሦስት ብልቃጦች አየሁ፤ ቫይታሚን ኢ፣ ቫይታሚን ሲ እና የእርድ እንክብል። ሦስቱም አንቲኦክሲዳንት ይባላሉ፤ ኦክሲዳንት የሚባሉትን ሴል ሊጎዱ የሚችሉ ንጥረ ነገሮች ይከላከላሉ ተብለው የሚወሰዱ ናቸው። ልጃቸው ከዓረብ አገር የላከችላቸው ናቸው። «ለጉልበቴ ነው ልጄ። ጂን ድረስ ገብቶ እብጠቱን ያስተካክላል አሉ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ስህተት እዚሁ ላይ ነው። እንክብሉ ጂንን፣ ማለትም ዲኤንኤ ላይ የተጻፈውን በዘር የምንወርሰውን መመሪያ፣ አይቀይርም። ሊለወጥ የሚችለው የጂኑ አሠራር ነው፤ ኤፒጄኔቲክ የሚባለው ይሄ ነው። ለአክስቴ በፈትል ልቃቂት አስረዳኋቸው። ዲኤንኤ ሂስቶን በሚባል ፕሮቲን ላይ ይጠቀለላል። ጠብቆ የተጠቀለለ ክር አይመዘዝም፤ የላላው ይመዘዛል። ብግነት (እብጠትና ሕመም) የሚያስነሱ ጂኖችም እንደዚያው ናቸው፤ ሲላላላቸው ይሠራሉ፣ ሲጠብቅባቸው ዝም ይላሉ። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ክሩን ከሚያላሉት ኢንዛይሞች አንዱን ሲያዳክም በቤተ ሙከራ ታይቷል። ቫይታሚን ሲ ደግሞ ዲኤንኤ ላይ የተለጠፉ ሜቲል የሚባሉ ምልክቶችን የሚያነሱ ኢንዛይሞችን ያግዛል።

ሁለተኛው፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ የታየውን ጉልበታችን ላይ እንደተፈጸመ ማሰብ። እዚያ ኩርኩሚኑ በቀጥታ ሴሉ ላይ ይፈስሳል። ሲዋጥ ግን ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው።

ሦስተኛው «ቫይታሚን ሲበዛ ምን ይጎዳል?» ማለት ነው። ይጎዳል! ፊንላንድ ውስጥ 29 ሺህ ገደማ አጫሾች የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ በ1994 እ.ኤ.አ. ወጣ። ቤታ ካሮቲን የሚባለውን፣ ካሮትና ጎመን ውስጥ የሚገኘውን አንቲኦክሲዳንት፣ በእንክብል በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨመረ። በአሜሪካም በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ የወሰዱ ወንዶች ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ በልጦ ተገኘ። ኦክሲዳንት ሁሉ ጠላት አይደለም፤ ሰውነት መልእክት ይለዋወጥበታል፣ ጀርም ይገድልበታል። ካሮትና ጎመን መብላት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ማንም አይከለክልም።

በጣም ያስደነገጠኝ የመጨረሻው ነው፤ ለሐኪም አለመናገር። የቫይታሚን ኢውን ብልቃጥ ገልብጬ አነበብኩት። 400 ዩኒት ይላል። አክስቴ ደግሞ እግራቸው ላይ ደም ረግቶባቸው ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ደም መፍሰስ ሊያስከትሉ ይችላሉ።

«ለሐኪሙ ነግረዋል?»

«ኧረ ይሄ መድኃኒት መች ሆነና!»

ማክሰኞ ቀጠሮ አላቸው። ቫይታሚን ኢውን እስከዚያ እንዳይነኩት ተስማማን። ሦስቱንም ብልቃጥ በፌስታል ቋጥሬ፣ እንዳይረሱት ከነጠላቸው ጋር ሰቀልኩት።