በቤታችሁ ሰነድ ውስጥ «ኢትዮጵያዊ» የሚለውን ቃል ፈልጉ

ሰሜን ሲያትል ውስጥ ቤት ከገዛሁ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የግዢውን ፋይል ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። ስፈርም ያላየሁትን አንድ የ1920ዎቹ ውል ቅጂውን ሳስመጣ፣ በደበዘዘ የጽሕፈት መኪና ፊደል የተጻፈ አንቀጽ አገኘሁ። በዚህ ንብረት አይሁድ፣ «የኢትዮጵያ ዘር»፣ የማላይ ወይም የእስያ ዘር የሆነ ሰው ሊኖርበት አይችልም ይላል። የቤት አገልጋይ ከሆነ ግን ይፈቀዳል። ልጄ በትከሻዬ አሻግራ አነበበችና «እማዬ፣ እኛን ማለታቸው ነው?» አለችኝ።

መልሱ ቀላል አልነበረም። ጀርመናዊው ሐኪም ብሉመንባክ በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የሰውን ልጅ በአምስት ሲከፍል ጥቁሩን ሁሉ «ኢትዮጵያዊ» ብሎት ነበር። የሲያትል መሬት ሻጮችም ቃሉን ከዚያው ወረሱት፤ በ1928 በብሮድሙር ሠፈር ውሎች ላይም ይገኛል። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በስማችን የተጻፈውን ክልከላ ዕዳ የከፈሉት እኛ ሳንመጣ እዚህ የነበሩት ጥቁር አሜሪካውያን፣ አይሁዶችና እስያውያን ናቸው። ሰነዳችሁን ስትፈልጉ ይህን አስቀድማችሁ እንድታውቁ እፈልጋለሁ።

ፍለጋው የሚጀምረው ቤት ስትገዙ ከሚሰጣችሁ ታይትል ሪፖርት፣ ማለትም የንብረቱን ባለቤትነት ከሚያጣራው ዘገባ ነው። «ስኬጁል ቢ» የሚለውን ክፍል ክፈቱ፤ በንብረቱ ላይ ያሉት ግዴታዎችና ገደቦች እየተቆጠሩ የተዘረዘሩበት ነው። ብዙ ሰው ይህን ገጽ ያልፈዋል፤ እኔም አልፌዋለሁ። ከዝርዝሩ በአንዱ ሥር «በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት ላይ የተመሠረተ ገደብ ካለ እሱን ሳይጨምር» የሚል ሐረግ ካያችሁ እዚያው ቁሙ። ሐረጉ በልማድ ስለሚገባ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ግን ዋናውን ሰነድ ሳታዩ አትለፉት። አጠገቡ የመዝገብ ቁጥር አለ፤ እሱን በወረቀት ላይ ጻፉት።

በቁጥሩ ሰነዱን ሲያትል ካለችበት ከኪንግ ካውንቲ የሰነዶች መዝጋቢ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በኢንተርኔት ፍለጋ ካልመጣላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ አሮጌዎቹ በማይክሮፊልም የተያዙ ናቸው፣ ቁጥሩን ይዞ ለጠየቀ ሠራተኞቹ ያወጡለታል። ሌላም መንገድ አለ፦ የዋሽንግተን ስቴት ምክር ቤት በ2021 ባወጣው ሕግ መሠረት የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲና የምሥራቅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያሉ ውሎችን እየሰበሰቡ ለሕዝብ ክፍት አድርገዋል። የሠፈራችሁን ስም ከዚያ ፈልጉ። የሠፈራችሁ ስም ከዝርዝሩ ባይገኝም ቤታችሁ ንጹሕ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ክልከላው አንዳንዴ በአንድ ቤት ሽያጭ ውል ላይ፣ አንዳንዴ በመላው ሠፈር ፕላን ላይ ይጻፋል። ካፒቶል ሂል ላይ ደግሞ በ1920ዎቹ መጨረሻ ጎረቤቶች ራሳቸው በር እያንኳኩ ፊርማ አሰባስበዋል። እኔን ከሁሉ የከበደኝ ይህኛው ነው፤ ሻጩ ቢያዝዝ አንድ ነገር ነው፣ ጎረቤት በጎረቤት ላይ ሲፈርም ግን ሌላ ነው።

ስታነቡ ቃላቱ እንዳያሳስቷችሁ። «ኢቲዮፒያን» ጥቁርን፣ «ሂብሩ» አይሁድን፣ «ማላይ» ፊሊፒናዊን ለማለት ነው። ሌሎች ደግሞ ማንንም ሳይጠሩ «ከነጭ ወይም ከካውኬዥያን ዘር በቀር» ብለው ይዘጋሉ፤ የአውሮፕላን ሠሪው የዊሊያም ቦይንግ ድርጅት የሸጣቸው እንደ ብሉ ሪጅ ያሉ ሠፈሮች እንደዚህ ናቸው።

ከዚያ በኋላ በ1933 የተቋቋመው የፌዴራል የቤት ባለቤቶች ብድር ድርጅት በ1936 ያሠራውን የሲያትል ካርታ ክፈቱ፤ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና ቀይ አለው፤ ቀዩ ለብድር «አደገኛ» የተባለው ነው። የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች ያሉበት ቼሪ ጎዳና፣ ማለትም ሴንትራል ዲስትሪክት፣ ቀይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ደግሞ ለብድር ዋስትና ሲሰጥ የክልከላ ውል ያላቸውን ሠፈሮች ይመርጥ ነበር። ጥቁሮች ከሌላው ሠፈር በውል ተከልክለው፣ በተፈቀደላቸው ሠፈር ደግሞ ብድር ተነፍገው ኖሩ። በ1970 ከሴንትራል ዲስትሪክት ነዋሪ ከ70 በመቶ በላይ ጥቁር ነበር፤ ዛሬ ያ ሕዝብ በቤት ዋጋና በኪራይ ተገፍቶ አብዛኛው ወደ ደቡብ ሲያትልና ከዚያም አልፎ ሄዷል።

ውሉ አሁን በሕግ ዋጋ የለውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙት ወስኗል፣ በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግም ከልክሎታል። ወረቀቱ ግን ከቤቱ ጋር ከገዢ ወደ ገዢ ይተላለፋል። ስለዚህ የማሻሻያ ሰነድ አስመዝግቡ። ቅጹ አጭር ነው፦ ስማችሁ፣ የንብረቱ ሕጋዊ መግለጫ፣ የአሮጌው ውል የመዝገብ ቁጥር፣ ኖተሪ ፊት የተቀመጠ ፊርማ። ማስመዝገቢያው ክፍያ የለውም፤ «እኔ አስጨርስላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው አትክፈሉ። ሕጋዊ መግለጫውን ከራሳችሁ ውል ላይ ፊደል በፊደል ገልብጡ፤ የቤት ቁጥርና ጎዳና ብቻ መጻፍ አይበቃም።

በፍርድ ቤት በኩል አንቀጹን ከመዝገብ ማስወጣትም ይቻላል። እኔ አልመረጥኩትም። የማሻሻያው ሰነድ አሮጌውን ሳያጠፋ ዋጋ ቢስ መሆኑን አጠገቡ ይጽፋል፤ ነገ ቤቱን የሚገዛ ሰው ሁለቱንም ያያል። ልጄ የጠየቀችኝን ሌላም ሰው ይጠይቅ ብዬ ነው።

አንድ ሥራ ይቀራል። ከ2024 ጀምሮ በዋሽንግተን ስቴት አብዛኛው የቤት ሰነድ ሲመዘገብ 100 ዶላር ይጨመራል፤ ገንዘቡ በእነዚህ ውሎች ለተጎዱ ቤተሰቦች የመጀመሪያ ቤት መግዣ ቅድሚያ ክፍያ የሚያበድር ፕሮግራም ይደግፋል። የገቢ ጣሪያ አለው፣ ራስ ወይም ወላጅ ወይም አያት ወይም ቅድመ አያት ከሚያዝያ 1968 በፊት በስቴቱ መኖርም አለበት። አብዛኞቻችን ከዚያ በኋላ ስለመጣን አይመለከተንም። ጎረቤታችሁን፣ የሥራ ባልደረባችሁን፣ የልጃችሁን የትዳር ጓደኛ ግን ሊመለከት ይችላል። እኔ የሰነዴን ቅጂ ለሥራ ባልደረባዬ ሳሳያት እናቷ ሴንትራል ዲስትሪክት ማደጓን ነገረችኝ፤ ስለ ፕሮግራሙ ግን ሰምታ አታውቅም ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ የእናቷን የ1961 የትምህርት ቤት ካርድ በፕላስቲክ ሸፍና ይዛ መጣች፤ በምሳ ሰዓት ማመልከቻውን አብረን ሞላን።